ሳይነገር የቀረ ጥምቀት

(የመግቢያ ዜማ ተሰምቶ ዝግ ሲል)

በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ጣልያን ስሙን ጥሎልን በሄደው በፒያሳ ቆሞ የማታውን አየር የሚያዳምጥ ሰው፣ የመስጊዱን አዛንና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ባንድ ጆሮ ይሰማል፤ ገባ ብሎም ቡና ከሚጠጣበት ቤት ቢቀመጥና የቤተ ዘመዱን ስም ቢጠይቅ፣ አያትዮው ይማም፣ ልጅዮው ገብረ ሥላሴ፣ አክስትዮዋ ዘሀራ፣ የወንድሟ ልጅ ወለተ ማርያም ሆነው ያገኛቸዋል። ይህ ለወሎ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ እኛም በዚሁ ጸጋ ውስጥ ያደግን ሰዎች ስለ ሆንን እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። የዛሬው ንግግራችን ግን ከዚሁ ጸጋ ጓዳ የሚገኝ፣ በምሥጢር የሚያዝ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሠርግ ዋዜማ ብቅ የሚል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አንድ ሕፃን ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ሳያውቁ ቢጠመቅና ነገሩ ተሰውሮ ቢቀር፣ ያ ልጅ አድጎ ትዳር በሚይዝበት ጊዜ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሕግ ዘንድ ምን ይከተላል የሚለው ነው።

ነገሩን ከሕግ መጽሐፍ ከመጀመር ይልቅ ከቤት እንጀምረው። የምናመጣው ምሳሌ የማንም የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን ሊሆን የሚችል ነው። አንዲት ካቶሊካዊት አሮጊት ልጇን ለእስላም ባል ድራለች እንበል፤ የልጅ ልጇንም ዘሀራ እንበላት። ሕፃኒቱ ገና ስድስት ወር ሳይሞላት ኩፍኝ ይይዛትና ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ እናት መድኃኒት ፍለጋ ወጥታለች፣ አባት መንገድ ላይ ነው፣ ሌሊቱም ጨልሟል። አሮጊቷ በልጅነቷ ከደናግል መነኮሳይያት የተማረችው ትዝ ይላትና፣ ከእንስራው በጣሳ ቀድታ፣ በመዳፏ ውሃውን ከሕፃኒቱ ግንባር ላይ ሦስት ጊዜ እያፈሰሰች፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ታጠምቃታለች። ሲነጋ ልጅቱ ጡት ትጠባለች፤ ትድናለች። አሮጊቷም ጣሳውን አጥባ ከቦታው ትመልሳለች፣ አማቿን ላለማስቀየም አፏን ትይዛለች፤ ዓመት ዓመትን ይወልዳል፣ ዘሀራም ቁርዓን እየቀራች፣ በረመዳን እየጾመች፣ የአባቷ ልጅ ሆና ታድጋለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ያ ጥምቀት ጥምቀት ነውን? የሚለው ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ መልስ አጭር ነው፤ ነው። እውነተኛ ውሃ ከፈሰሰ፣ በሥላሴ ስም ከተጠራ፣ አጥማቂውም ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ ካሰበ፣ ጥምቀቱ ጸንቷል፤ በቄስ እጅ አለመፈጸሙ፣ ቅብዐ ሜሮን አለመቀባቱ፣ ማተብ አለመታሰሩ፣ የክርስትና አባት አለመቆሙ ጥምቀቱን አያፈርሰውም፤ አይደገምምም። በግድ ጊዜ ሌላ አገልጋይ ከታጣ ማንኛውም ክርስቲያን ምእመን ሊያጠምቅ እንዲችል፣ የሚያውቅ ሰው ከጠፋም እናትና አባት ራሳቸው እንዲያጠምቁ፣ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ይፈቅዳል። ይህንን መጽሐፍ ሊቀ ጳጳሳት ዘሮም ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1990 እ.ኤ.አ. አውጀውት በጥቅምት 1 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. የጸና ሲሆን፣ በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን የሚተዳደሩበት እርሱ ነው፤ በደቡብና በምሥራቅ ባሉት የላቲን ሥርዓት አውራጃዎች ደግሞ የ1983ቱ የላቲን ሕግ ይሠራል። ከጥር 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሴ ስሟን ከባሕር ዳር ጋር አጣምራ የአንድ የግዕዝ ሥርዓት ሀገረ ስብከት መጠሪያ ስለ ሆነች፣ የእኛ አገር ነገር የሚመዘነው በምሥራቁ ሚዛን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ ይወቅሰኛል። ጥምቀቱ ይጸናል ማለት ማንም እየተነሣ የሰው ልጅ ያጥምቅ ማለት አይደለም። ሕጉ ጤነኛ ሕፃን ከወላጆቹ ቢያንስ የአንዱ ፈቃድ ሳይኖር፣ በክርስትናም እንደሚያድግ የተረጋገጠ ተስፋ ሳይታይ እንዳይጠመቅ ይከለክላል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ይህን ሲያስረዳ፣ ልጅ ልብ እስኪገዛ ድረስ በተፈጥሮ ሕግ በወላጆቹ ጥበቃ ሥር ነውና ያለ እነርሱ ፈቃድ ማጥመቅ የተፈጥሮን ፍትሕ መጣስ ነው ብሏል። የተፈቀደው የሞት አደጋ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን የላቲኑ ሕግ ወላጆች ባይፈቅዱ እንኳ ብሎ በግልጽ ሲደፍር፣ የምሥራቁ ሕግ ግን ልጁ ወደ አእምሮ ዕድሜ ሳይደርስ እንደሚሞት በማስተዋል ከተገመተ ይጠመቅ ብሎ ከዚያ በላይ ሳይናገር ይቆማል። የዚያች አሮጊት ሥራ እንግዲህ በሌሊቱ ጭንቅ የተፈቀደ ነበር፤ የበደለችው ነገር ቢኖር ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት ዝም ማለቷ ነው።

(አጭር የክራር ዜማ)

አሁን ወደ ጋብቻው እንምጣ። ዘሀራ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላትና ትዳር ያዘች እንበል።

ያገባችው የአባቷን ሃይማኖት የሚከተል ወንድ ቢሆን፣ ኒካሑም በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት ቢታሰር፣ በመንግሥትም ሆነ በሸሪዓ ዘንድ ጋብቻዋ የተከበረ ነው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም የ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 79፣ የሃይማኖትን ልዩነት ጋብቻ የሚከለክል ምክንያት አላደረገውም። በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሚዛን ግን፣ እርሷ ራሷ ሳታውቀው የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጅ ሆና የተቆጠረች ናትና ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የተጠመቀ ሰው ካልተጠመቀ ሰው ጋር ያለ ጳጳስ ፈቃድ የሚያደርገው ጋብቻ አይጸናም፤ ሁለተኛ፣ ካቶሊካዊ ሰው በካህን ቡራኬና በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲያገባ ታዟል። አድማጮቻችን ሆይ፣ ይህን ስትሰሙ ልባችሁ እንዳይደነግጥ፤ ቤተ ክርስቲያን የሰው ቤት እያንኳኳች ትዳር አታፈርስም፣ ዘሀራንም አጥፍተሻል አትላትም፣ ያላወቁትን ሕግ መተላለፍ ኀጢአት አይደለምና። ነገሩ የሚነሣው ዘሀራ ወይም ባሏ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በመጡ ቀን ብቻ ነው።

ሕግ አውጭዎቹም ይህ ጭንቅ ተሰምቷቸው ነበር። በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሕግ፣ ካቶሊካውያን ካልሆኑ ወላጆች ተወልዶ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ፣ ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከእምነቷ ውጭ ያደገ ሰው፣ ካቶሊካዊ ያልሆነን ሰው ሲያገባ በካህን ፊት የመጋባቱን ግዴታ እንዳይሸከም ይቅር ብሎት ነበር። ዳሩ ግን ማን ካቶሊካዊ ካልሆነ ወላጅ እንደ ተወለደ፣ ማንስ ከእምነት ውጭ እንዳደገ መለየት ለዳኞች የክርክር ምንጭ ስለ ሆነባቸው፣ ሊቀ ጳጳሳት ዘሮም ፒዮስ 12ኛ በ1948 እ.ኤ.አ. ይቅርታውን ሽረው ሽረቱ ከጥር 1 ቀን 1949 ጀምሮ እንዲጸና አደረጉ። እኔ ግን፣ ለዳኛው ቀለለ ተብሎ ሸክሙ ምንም በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ መጫኑ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሕጉ ሸክሙን ብቻ አላኖረም፤ ማውረጃውንም አዘጋጅቷል። ባልና ሚስት በፍቅር የሚኖሩ ከሆነ፣ የፈቃዳቸው ቃል እንደ ጸና ካለ፣ ጳጳሱ ያንን ጋብቻ ከሥሩ ሊፈውሰው ይችላል፤ ይህም ማለት ሁለተኛ ሠርግ ሳይደገስ፣ ቃላቸውም ሳይደገም፣ ዕንቅፋቱ ተነሥቶላቸው ትዳሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጸንቶ እንደ ኖረ ይቆጠራል ማለት ነው። ከባድ ምክንያት ካለም ባልና ሚስቱ ሳያውቁት እንኳ ሊሰጥ ይችላል። ሳታውቀው የተጠመቀች ልጅ፣ ሳታውቀው ትዳሯ ሲፈወስላት ማየት፣ ለእኔ የሕግን ርኅራኄ በግልጽ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ነው።

ዘሀራ ያገባችው ካቶሊካዊ ወንድ ቢሆን ደግሞ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የእስላም ልጅ ናት ተብሎ፣ ጳጳሱም የእምነትን ልዩነት ዕንቅፋት አንሥቶላቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ እንበል። ከዓመታት በኋላ አሮጊቷ ምሥጢሩን ብታወጣ ጋብቻው አንዳች አይነካም፤ ይልቁንም የፈረሰው ግንብ ከመጀመሪያውም ያልነበረ መሆኑ ይታወቃል። በሁለት የተጠመቁ ሰዎች መካከል የጸና ጋብቻ በዚያው ምሥጢር ነውና፣ እነርሱ እንደ ተራ ቃል ኪዳን የያዙት ትዳር ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ምሥጢረ ተክሊል ሆኖ ኖሯል።

ያጠመቀቻት ካቶሊካዊት አያቷ ሳትሆን፣ ኦርቶዶክሳዊት አክስቷ በሰማንያ ቀኗ በስውር ወደ ደብር ወስዳ ክርስትና አስነሥታት ቢሆንስ? በወሎ ይህ የሚደንቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተከበረ ስለ ሆነ፣ ካቶሊካዊ ወንድ ሲያገባት የሚያስፈልገው የተቀላቀለ ጋብቻ ፈቃድ እንጂ የእምነት ልዩነት ፈቃድ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ቢጎድል ጋብቻው ከሥርዓት የወጣ ይባላል እንጂ አይፈርስም፣ ሁለተኛው ቢጎድል ግን ይፈርሳል። ከአንድ ቁና ሁለት መስፈሪያ ይመስላል፤ ለተጋቢዎቹ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሚከተለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በአንደኛይቱ መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ፣ ካላመነ ሰው ጋር የተጋባ ክርስቲያን፣ ያላመነው ወገን ተለይቶ ቢሄድ በባርነት እንደማይያዝ ተናግሯል፤ ከዚህ ቃል የተነሣ ሁለት ያልተጠመቁ ሰዎች ተጋብተው ከእነርሱ አንዱ በኋላ ቢጠመቅ፣ ሌላው ግን በሰላም አብሮ ለመኖር እንቢ ብሎ ቢለይ፣ የተጠመቀው ወገን እንደገና ያገባ ዘንድ «የጳውሎስ መብት» የሚባለው ይፈቅድለታል። እንግዲህ ዘሀራን ባሏ ትቷት ሄደ፣ እርሷም በአርባ ዓመቷ ክርስትናን መርጣ ትምህርተ ሃይማኖት ጀመረች፣ የምታገባውም ሰው ተገኘ እንበል። ካህኑ ሁለታችሁም ስትጋቡ ያልተጠመቃችሁ ነበራችሁን? ብሎ ይጠይቃታል፤ እርሷም ዕውቀቷ በፈቀደላት አዎን ትላለች። ወረቀቱ ተጽፎ ሳያልቅ አሮጊቷ ከመኝታዋ ሆና፣ ልጄ፣ አንቺ እኮ በሕፃንነትሽ ተጠምቀሻል፣ የክርስትና ስምሽም ወለተ ማርያም ነው ብትላት፣ የጳውሎስ መብት መሠረቱ ይናዳል፤ መብቱ የተሰጠው ሁለቱም ሳይጠመቁ ለተጋቡት ነውና። መንገዱ ግን በዚህ አይዘጋም፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዳኞች ያ የመጀመሪያ ጋብቻ ከላይ በተናገርነው ምክንያት ጸንቶ ነበርን ብለው ይመረምራሉ፤ አልጸናም ብለው ከፈረዱ ነጻ ናት። ያም ቢሆን፣ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቃል ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ደጅ ጥናት ባልኖረ ነበር።

በዚህ ጉዳይ የምሥራቁ ሕግ ከላቲኑ የሚለይበት አንድ ደግሞ አለ፤ እርሱም አበልጅነት ነው። በእኛ አገር አበልጅን ማግባት ነውር መሆኑን ለማስረዳት መጽሐፍ መጥቀስ አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው። የ1983ቱ የላቲን ሕግ ይህንን መንፈሳዊ ዝምድና ከጋብቻ ዕንቅፋቶች መካከል አውጥቶ ሲተወው፣ የምሥራቁ ሕግ ግን በክርስትና አባት ወይም እናትና በተጠማቂው፣ እንዲሁም በተጠማቂው ወላጆች መካከል የሚደረግ ጋብቻ አይጸናም ብሎ አቆይቶታል። አሮጊቷ ብቻዋን ሳትሆን የጎረቤት ወንድ ጠርታ ሕፃኒቱን እንዲያነሣላት አድርጋ ቢሆን፣ ያም ሰው ከዓመታት በኋላ መበለት የሆነችውን የዘሀራን እናት ቢያገባ፣ የተሰወረው ጥምቀት ከልጅቱ አልፎ የእናቲቱን ትዳር ይነካ ነበር።

(ዜማ)

አሁን ደግሞ፣ ይህ ሁሉ በምን ይታወቃል? ትሉ ይሆናል። ማንንም የማይጎዳ ሲሆን ጥምቀትን ለማስረዳት አንድ የማይጠረጠር ምስክር ይበቃል፤ ትዳር የሚያናጋ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይጎዳልና የአንዲት አሮጊት ቃል ብቻውን ከባድ ሚዛን አያነሣም። ስለዚህ የሚመረምረው ካህን ረጋ ብሎ ይጠይቃል፤ ውሃው ፈሰሰ ወይስ በርጥብ ጣት ግንባሯን ዳሰስሽ? ቃሉን ያልሽው ውሃውን እያፈሰስሽ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ? የሦስቱንም ስም ጠራሽ ወይስ በማርያም ስም ብቻ ብለሽ ጸለይሽ? ጸበል ነው የረጨሻት ወይስ አጠመቅሻት? ብዙ ጊዜ እውነቱ የሚገኘው በዚህ በጥቃቅኑ ጥያቄ ነው፤ በፍርሃትና በፍቅር መካከል ሆኖ ሌሊት የተደረገውን ነገር ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ማስታወስ ቀላል አይደለምና። ተመርምሮ ጥርጣሬው ካልጠፋ፣ ሕጉ ጋብቻውን ይደግፋል፤ የጳውሎስ መብት ሲያጠራጥር ደግሞ ወደ መብቱ ያደላል፤ ጥምቀቱ መፈጸሙ ራሱ ሲያጠራጥርም ካህኑ «ያልተጠመቅሽ ብትሆኚ» የሚል ቃል ጨምሮ ያጠምቃል።

ወሎ ከዚህ ጥያቄ ጋር ተዋውቃ የኖረች አገር ናት። ከደሴ ወደ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት ክርክሩን ከዘጉ በኋላ፣ የወሎ እስላም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። ብዙ ሕዝብ ግን በቀን ክርስቲያን በሌሊት እስላም ሆኖ እንደ ኖረ ከዚያ ዘመን የቀረ ወሬ ያስረዳል። ስለ እንዲህ ያለው ነገር ሊቀ ጳጳሳት ዘሮም ኢኖሰንት 3ኛ በ1201 እ.ኤ.አ. ሲጽፉ፣ ፈርቶም ቢሆን እሺ ብሎ የተጠመቀውን ፈጽሞ እንቢ እያለ በግድ ከተነከረው ለይተው፣ የመጀመሪያው የጥምቀትን ማኅተም ተቀብሏል፣ ሁለተኛው ግን ምንም አልተቀበለም ብለዋል። አዋቂው ልቡ ይጠየቃል ማለት ነው። ሕፃኑ ግን ልብ የለውምና አይጠየቅም፤ አባቱ በፍርሃት ታቅፎ ቢያመጣው እንኳ ጥምቀቱ ጥምቀት ነው። ራስ ሚካኤልም በኋላ የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፤ ያን ጊዜ በጥምቀታቸው ያነሷቸው ዮሐንስ ባይሆኑና ምኒልክ ቢሆኑ ኖሮ፣ የክርስትና አባት ልጅ እንደ እኅት በሚታይበት አገር ሸዋረጋ እኅት ትሆንባቸው ነበርና፣ ከዚያ ጋብቻ የተወለዱት ልጅ ኢያሱ በታሪካችን ውስጥ ባልተገኙ ነበር። በአንድ ጥምቀት ላይ የቆመው ሰው ማን እንደ ነበር ማወቅ ይህን ያህል ይከብዳል።

ከአገር ውጭ ያለውን ብናነሣ፣ በቦሎኛ ከተማ በ1858 እ.ኤ.አ. የሆነው ለዚህ ምሳሌ ነው። ኤድጋርዶ ሞርታራ የተባለ የስድስት ዓመት የአይሁድ ልጅ፣ በሕፃንነቱ ታሞ ሳለ የቤት ሠራተኛይቱ በስውር አጥምቃዋለች ተብሎ፣ ከእናቱና ከአባቱ ተነጥቆ ወደ ሮም ተወሰደ፤ እዚያ አድጎ ቄስ ሆነ፣ በ1940ም በቤልጅየም አረፈ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በ1747 ሊቀ ጳጳሳት ዘሮም ቤኔዲክቶስ 14ኛ የአይሁድን ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ማጥመቅ የተከለከለ ነው ብለው ጽፈው ነበር፤ ተከልክሎ ቢፈጸምም ይጸናል የሚለው ሁለተኛው የቃላቸው ክፍል ግን በዚያች እናት ላይ ወደቀ። የእናቲቱን ዋይታ ሳስበው፣ በዚህ ነገር ላይ በቀዝቃዛ ልብ መናገር አይሆንልኝም።

ስለዚህም ነው ሕጉ በጭንቅ ጊዜ ያጠመቀ ሰው ለቁምስናው እንዲያስታውቅ፣ ቆሞሱም ሳይዘገይ በጥምቀት መዝገብ እንዲጽፈው የሚያዘው። በሆስፒታልም ሆነ በቤት ውስጥ በሕፃን ላይ ውሃ ያፈሰሰች ነርስ፣ አያት፣ ጎረቤት፣ ልጁ ሞተ ተረፈ ሳትል፣ ለወላጆቹ አድርጌዋለሁ ማለት ይኖርባታል፤ አባት ይቆጣ ይሆናል፣ አማች ያኮርፍ ይሆናል፤ ኩርፊያ ግን ቡና ፈልቶ ሽማግሌ ገብቶ ይበርዳል፣ የወሎ ሰው ይህን አያቅተውም። የጥምቀት መዝገብን ያላያችሁ እንድታውቁት፣ ትልቅ ደብተር ነው፤ የሕፃኑ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የተወለደበትና የተጠመቀበት ቀንና ስፍራ፣ ያጠመቀው ሰው፣ ያነሣው ሰው በተራ ይጻፋሉ፤ በዳር በኩል ጥቂት ባዶ ስፍራ ይተዋል፣ ያም ስፍራ ልጁ ያገባ ዕለት ማንን፣ መቼና የት እንዳገባ የሚጻፍበት ነው።

ያቺ አሮጊት በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቆሞሱ ሄዳ፣ ዞራም ለአማቿ ነግራው ቢሆን ኖሮ፣ ዘሀራ በሃያ ሁለት ዓመቷ ልታገባ ስትነሣ ካህኑ መዝገቡን ገልጦ ስሟን በጣቱ እየተከተለ ያነብላት ነበር፤ ወለተ ማርያም፣ በቤት የተጠመቀች፣ በሞት አደጋ፣ አጥማቂዋ የእናቷ እናት። ዳሩም ባዶ ሆኖ ይጠብቃት ነበር።

(የመዝጊያ ዜማ)